ፒያሳ ያለው የስፌት ሱቅ፦ ሙያው እንዳለ ነው፤ ማኅበሩስ?

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንድ የሴቶች የእጅ ሥራ ማኅበር የሚያስተዳድረው ሱቅ አለ። ማኅበሩ የተቋቋመው መተዳደሪያ የሌላቸውን እናቶች የሣር ስፌት (እንደ ሙዳይና አገልግል ያለውን) አሠልጥኖ ራሳቸውን እንዲችሉ ለማድረግ ሲሆን፣ አሁን አብዛኛውን ሥራውን የሚረከበው አብሮት ለመሥራት የተዋዋለ አንድ ሆቴል ነው።

በዕቃው ጥራት እንከን አላገኘሁም። የገዛሁት ሙዳይ ስንደዶው በውፍረት የተመረጠ፣ አክርማው ጠበቅ ተደርጎ የተሰፋ፣ ወስፌው ያለፈበት ቦታ እንኳ የማይለይ ነው፤ ክዳኑም ሳይላላና ሳይጠብቅ ልክ ይገጥማል። አገልግሉ የተለበጠበት ቆዳ ጠርዙ ላይ አልተሸበሸበም። ዋጋው ከገበያው ከፍ ቢልም ለእንዲህ ያለ ልፋት አይበዛም።

ቅር ያሰኘኝ ሌላ ነው። ቀድሞ በየዕቃው ላይ የሰፊዋ ስም የተጻፈበት ወረቀት ይንጠለጠል ነበር፤ አሁን ያለው የሆቴሉ ምልክት ብቻ ነው። እያንዳንዷ ሰፊ እንደ ዓይኗ ትመርጠው የነበረው አለላም (ቀለም የተነከረው አክርማ) ከሆቴሉ ክፍሎች ጋር እንዲስማማ በሁለት ቀለም ተወስኗል። ከሁሉም የከፋው ግን የሥልጠናው ነገር ነው። ቀጣዩ ዙር መቼ እንደሚጀመር ስጠይቅ፣ ሻጯ እህት በትሕትና «የጥምቀት ትእዛዝ እስኪያልቅ አዲስ ሰው አንቀበልም» አለችኝ። ጀማሪ የሰፋችው ሆቴሉ በሚፈልገው ደረጃ ስለማይደርስ ቦታዋን የለመደ እጅ ይይዘዋል ማለት ነው፤ ማኅበሩ ግን የተመሠረተው ለዚያችው ጀማሪ ነበር።

ሆቴሉን ጥፋተኛ ማድረግ አልፈልግም። የቱሪስት እግር በቀጠነባቸው ዓመታት ቋሚ ትእዛዝ ማግኘት ለእነዚህ እናቶች የልጆች ቀለብና የቤት ኪራይ ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011ም ድርጅቶች ለዓላማቸው ማስፈጸሚያ ገቢ በሚያስገኝ ሥራ እንዲሰማሩ ፈቅዷል፤ ለንግዱ የተለየ ሒሳብ እንዲያዝ ያዛል፣ ትርፉም ለአባላት እንዳይከፋፈል ይከለክላል። ሕጉ በዚህ መንገድ ገንዘቡን ይጠብቃል፤ ማን እንደሚሠለጥንና በዕቃው ላይ የማን ስም እንደሚጻፍ ግን የሚወሰነው ከሆቴሉ ጋር በሚፈረመው ውል ነው። ስለዚህ ውሉ ሲታደስ ማኅበሩ የሰፊዋ ስም እንዲመለስና ከትእዛዙ የተወሰነው ድርሻ ለሠልጣኞች እንዲተው አጥብቆ ሊደራደር ይገባዋል።

ሙዳዩን ያለ ማመንታት ግዙ። ስትገዙም የሰፋችውን ሴት ስም ጠይቁ፤ እኔ ስጠይቅ ሻጯ ወዲያው ነግራኛለች።