ጠረጴዛ ላይ የቆመው ከረጢት ማሽን ላይ ሲደርስ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ዳንግላ፣ ማርቆስ ሆናችሁ በርበሬ ወይም ሽሮ አሽጋችሁ ልትሸጡ ያሰባችሁ ሁሉ እነዚህን ዲዛይነሮች ታውቋቸዋላችሁ። ግማሹን ቀብድ ይቀበላሉ። በሦስተኛው ቀን በቴሌግራም አንድ ሥዕል ይመጣል፦ ከረጢቱ ጠረጴዛ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ አጠገቡ ዛላ በርበሬ ተበትኗል፣ ጥላው እንኳ አልቀረም። ከዚያ «ቀሪውን ያስገቡና ፋይሉን ልላክልዎ»። እኔም ጥላውን ሳደንቅ 18,000 ብር ሞላሁለት። ያ ሥዕል እኮ ሞክአፕ ነው! የከረጢቱ ፎቶ ከነብርሃኑ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው፤ ፎቶሾፕ ውስጥ ስማርት ኦብጀክት የሚባለውን የምስል መለጠፊያ ቦታ ከፍቶ የፊቱን ገጽ መለጠፍ ብቻ ነው፣ እጥፋቱንና ጥላውን ራሱ ያለብሰዋል። ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ይህን እያወቅሁ መሞኘቴ ነው የሚያንገበግበኝ።

ትናንት አዲስ አበባ፣ ማተሚያ ቤት ፋይሉ ሲከፈት ከባለሙያው ኋላ ቆሜ ነበር። የዲዛይን ፕሮግራሙ ኢሉስትሬተር ገና ሲነሳ «ፎንቱ የለም» አለ። ባለሙያው አለፈው፤ አማርኛው በሙሉ የላቲን ፊደልና የነጥብ ዝርክርክ ሆኖ ወጣ። በድሮ፣ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚግባቡበት የፊደል ኮድ) ባልሆነ የግዕዝ ፎንት ተጽፎ፣ ወደ ከርቭ ማለትም ፎንት ወደማይፈልግ ቅርጽ ሳይቀየር ነው የተላከው። ጽሑፉን መርጦ ኮንትሮል፣ ሺፍት፣ ኦ መጫን ነበር፤ በቃ።

እዚያው ስፒከር ላይ አድርጌ ደወልሁ።

«ጋሼ፣ ያዩትን ነው የላክሁልዎ። ወደውት አይደል የከፈሉት?» ከኋላው ሰው ሲስቅ ይሰማል። «ለህትመት የሚሆን ከፈለጉ ሌላ 10,000 ነው፤ እሱ ራሱን የቻለ ሥራ ነው» አለና ዘጋው።

ለህትመት ካልሆነማ ለምን ነበር? ግድግዳ ላይ ልሰቅለው? ባለሙያው አንገቱን ደፍቶ ማውሱን ያሽከረክራል፤ አዝኖልኝ ይሁን ሳቁን ይዞ አልለየልኝም።

ጉዱ ቀጠለ። የዛላው ፎቶ ስፋቱ 600 ፒክስል ነው። 16 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲለጠጥ በኢንች 95 ፒክስል ገደማ ይደርሳል፣ የሚፈለገው 300 ነው፤ ቢታተም ዛላ ሳይሆን ቀይ ጭጋግ ነው የሚሆነው። ቀለሙ በአርጂቢ፣ በስክሪን ቀለም፣ ተሠርቷል፤ ወደ ሲኤምዋይኬ፣ ወደ አራቱ የህትመት ቀለሞች፣ ሲዞር ያ የሚያበራው ቀይ ዓይኔ እያየ ደበዘዘ። ስክሪን በብርሃን የሚያሳየውን ቀይ የህትመት ቀለም አይደርስበትም። ለቆረጣ ከጠርዙ የሚተርፈው 3 ሚሊ ሜትር የለም። ከቀለሙ ሥር የሚገባው ነጭም የለም፤ ፕላስቲኩ ብርማ ስለሆነ ያለ ነጭ ቀዩ ብረት ብረት ይላል። እንደ ፍላየር ፕላስቲኩ ላይ ጥቂት አትሞ ማየት ደግሞ አይቻልም፤ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ሲሊንደር (የሚያትመው የብረት ጥቅል) ይቀረጻል፣ ከነነጩ አምስት። ከተቀረጸ በኋላ የተገኘ ስህተት ሲሊንደሩን እንደገና ማስቀረጽ ነው።

ባርኮዱ ግን ከሁሉም ይብሳል። ከበርበሬው ጋር እንዲሄድ ብሎ መስመሮቹን ቀይ፣ መደቡን ነጭ አድርጎታል። የሱቅ ስካነር መብራቱ ቀይ ነው፤ ቀዩ መስመርና ነጩ መደብ ለሱ አንድ ናቸው፣ ምንም አያነብም። ቁጥሩን ስናየው 5901234123457። ይህ ባርኮድ ለማስረዳት በየቦታው የሚቀመጥ የምሳሌ ቁጥር ነው፤ መነሻው 590 ደግሞ የፖላንድ ነው። የቡሬ በርበሬ በፖላንድ ቁጥር!

ምክሬ አጭር ናት። የመቁረጫና የማጠፊያ መስመሩን አስቀድማችሁ ከማተሚያ ቤቱ ተቀበሉና ለዲዛይነሩ ስጡት። ቀሪው ብር ከመከፈሉ በፊት ፋይሉ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ይከፈት። በትክክለኛ ልኩ ወረቀት ላይ አትማችሁ ቁረጡት፣ አጣጥፉት። እኔ ያጣጠፍሁት ዛሬ ጠዋት ነው፣ ከከሰርሁ በኋላ። «የተጣራ ክብደት 500 ግራም» የሚለው ከሥር በሚታጠፈው ውስጥ ገብቶ ጠፋ፤ የበርበሬው ስም ደግሞ የማሸጊያው ትኩስ ብረት የሚያርፍበት ጫፍ ላይ ተቀምጧል።