ከጨረታ የወጣ ኤጂ 100፦ ቤት ውስጥ አድሼ ከወራት መንዳት በኋላ

ያማሃ ኤጂ 100 ሞተር ሳይክል እንደምነዳ የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንት ይሮጣል?» ብሎ ነው። አይሮጥም። 60 ላይ ደስ ብሎት ይሄዳል። 70 ላይ ማጉረምረም ይጀምራል። ከዚያ በላይ ካስገደዱት መስታወቱ እየተንቀጠቀጠ ከኋላ የሚመጣው መኪና ሁለት ሆኖ ይታያል። ፍጥነት የሚፈልግ ሰው ከዚህ በታች ያለውን ባያነብ አይቀርበትም።

ሞተሩን ያላየ ግን ያለ አይመስለኝም። የግብርና ባለሙያው፣ የክትባት ሣጥን ከኋላ ያሰረው የጤና ባለሙያ፣ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛው፣ ሁሉም ገጠሩን የዞሩት በእሱ ነው። ባለ 97 ሲሲ ቱ ስትሮክ ነው፤ ማለትም ዘይትን ከቤንዚን ጋር አብሮ የሚያቃጥል ኢንጅን። ከፊትም ከኋላም ዕቃ መጫኛ አለው። ማቆሚያ እግሩ በግራም በቀኝም ነው፤ ተዳፋት ላይ የቆመ ሰው ለምን እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ካቴናው ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ነው። ሲሠራ የታሰበው ለነአውስትራሊያና ለነኒውዚላንድ ገበሬ ነበር፤ የኛን የቀበሌ መንገድ ያየ ግን ለኛ ታስቦ የተሠራ ነው ቢል አይፈረድበትም።

የኔው አንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ ካስወገዳቸው አሮጌ ሞተሮች አንዱ ነው። ሀዋሳ ውስጥ፣ ግቢያችን ጥግ ባለች የቆርቆሮ ዳስ ሥር ነው ያደስኩት። ሲመጣ ሰርባቶዮው (የነዳጅ ታንኩ) ውስጡ ዝጎ ነበር። የሴላው (የመቀመጫው) ስፖንጅ አፈር ሆኗል። የካቴናው ሽፋን የለም። የኤሌክትሪክ ገመዱ ደግሞ ያለፈበት ባለሙያ ሁሉ አንድ አንድ እየቀጠለበት የሸረሪት ድር መስሏል።

ስለ ወረቀት ልናገር፣ ምክንያቱም ጨረታ ላይ ሰው ሁሉ ጎማ ይመታል፣ መርገጫ ይረግጣል፣ ወረቀቱን የሚያየው ግን ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ነው። እኔ የእጅ ባትሪ ይዤ መሪው አንገት ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር ነው መጀመሪያ ያነበብኩት። ከሊብሬው ጋር በአንዲት ፊደል ከተለያየ፣ ወይም ኢንጅኑ ተቀይሮ ካልተመዘገበ፣ የቱንም ያህል ቢረክስ ትቶ መሄድ ነው። ታርጋው ከመሥሪያ ቤት ወደ ግል ሲዞር የሻንሲውም የኢንጅኑም ቁጥር ይታያል። ቀለምም ሊብሬ ላይ ስለሚጻፍ፣ መልኩን ልቀይር የሚል ሰው ከመቀባቱ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ጎራ ይበል። ቀለም ቀቢዎች ደግሞ ስቱኮ ሲለጥፉ ቁጥር አይታያቸውም። እኔ ቁጥሩን ግሪስ ቀብቼ በፕላስተር ሸፍኜ ነው የሰጠኋቸው።

ወደ ኢንጅኑ ስንመጣ፣ ይዞራል ግን ጉልበት የለውም። መርገጫው በእጅ ሲገፋ እንኳ ያለ ጭቅጭቅ ይወርዳል። ሲሊንደሩ ሲወጣ ምክንያቱ ታየ፦ ከላይ እስከ ታች ጥፍር የሚይዝ ጭረት። ሪቦር፣ ማለትም ሲሊንደሩን በማሽን ማስፋት፣ ግድ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እመክራለሁ። ፒስቶን ሳይገዙ ሲሊንደር አያስፉ። የፋብሪካው ልክ 52 ሚሊሜትር ነው፤ ከዚያ ፒስቶኑ በ0.25፣ በ0.50 እያለ ያድጋል። ሐዋሳ አላገኘሁም። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የላክሁት ዘመዴ ያገኘው 0.50 ብቻ ነበር። በ0.25 አስፍቼ ጠብቄው ቢሆን ኖሮ እስካሁን እጠብቅ ነበር።

ሪቦር የሚሠራው ባለሙያ ፒስቶኑን በማይክሮሜትር ለክቶ ሲሊንደሩን በእሱ ልክ ያሰፋል። በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተት የሚሊሜትር ጥቂት መቶኛ ነው። ከጠበበ ሲሞቅ ይነክሳል፤ ከሰፋ ደግሞ ፒስቶኑ እያንኳኳ ይኖራል። ከዚህ የባሰው ግን ብዙዎች የሚዘሉት ነገር ነው። ቱ ስትሮክ ሲሊንደር ግድግዳው ላይ ድብልቁና ጭሱ የሚያልፉባቸው መስኮቶች አሉት፤ ሪቦር ሲደረግ የመስኮቶቹ ጠርዝ እንደ ምላጭ ይሆናል። በትንሽ ሞረድ ካልተለሰለሰ ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) ተጠልፎ ይሰበራል። እኔ ከባለሙያው ከተቀበልኩት በኋላ በጣቴ ስዳስሰው ጠርዙ ይቆርጣል። መልሼ ወስጄ አጠገቡ ቆሜ ነው ያስጨረስኩት። ተቆጣኝ። ይቆጣ።

ሠፈራችን ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ የመሥሪያ ቤት ሞተር ሲጠግኑ የኖሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሜካኒክ አሉ። ኢንጅኑ ተከፍቶ ሲያዩት ስለ ፒስቶኑ አንድም ነገር አላሉም። «ፓራኦሊዮውን ቀይረሃል?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እሱ እኮ ደህና ይመስላል።»

«መልኩን ተወው ልጄ። ቱ ስትሮክ የሚገድለው አየር ነው።»

ልክ ናቸው። ፓራኦሊዮ የኢንጅኑ ዘንግ የሚወጣበትን ቦታ የሚዘጋው የላስቲክ ቀለበት ነው። በአራት ስትሮክ ኢንጅን የታችኛው ክፍል ዘይት ይዞ ይቀመጣል። በቱ ስትሮክ ግን ነዳጅና አየሩ መጀመሪያ የሚገባው እዚያው ታች ነው። ስለዚህ ኤሌክትሪክ በሚያመነጨው ማግኔት በኩል ያለው ፓራኦሊዮ ከደረቀ አየር ይሰርቃል፤ ድብልቁ ይሳሳል፤ ኢንጅኑ ይግላል። ምልክቱ፣ የነዳጅ እጀታውን ሲለቁት ዙሩ ወደ ሚኒሞ (ቆሞ ወደሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር) ቶሎ አለመውረዱ ነው። በፍሪሲዮኑ በኩል ያለው ከላላ ደግሞ የካምቢዮ ዘይት እየሳበ ያቃጥላል፤ ነጭ ጭሱ መንገድ ይሸፍናል። ሁለቱም የላስቲክ ቀለበቶች ተደምረው ከፒስቶኑ ዋጋ በጣም ያንሳሉ። ኩሽኔታዎቹንም አብሬ ቀየርኩ። አንዴ ከተከፈተ ሆዱን ሞልቶ መዝጋት ነው የሚሻለው።

አሁን የምሟገትበት ጉዳይ ላይ ደረስን፤ የዘይት ፖምፓው። ያማሃ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ቱ ስትሮኮቹ ላይ አውቶሉብ የሚባል ነገር አድርጓል። ዘይቱ ለብቻው ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል፤ ትንሽ ፖምፓ እንደ ኢንጅኑ ዙርና እንደሚሰጠው ነዳጅ መጠን እየመጠነ ይረጨዋል። የኛ ሜካኒኮች ግን አብዛኞቹ ይህን ፖምፓ አያምኑትም። «ፖምፓው ከቆመ ኢንጅኑ አለቀ» ይሉና ያቋርጡታል፤ ከዚያ ዘይቱን ቤንዚን ውስጥ ደባልቆ መንዳት ነው። የኔም ሲመጣ ተቋርጦ ነበር።

እኔ መልሼ ገጠምኩት። ከሀገረ ሰላም ቁልቁል ወደ ሀዋሳ የወረደ ሰው ይረዳኛል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ዘግተው ሲወርዱ፣ ጎማው ኢንጅኑን በኃይል ያዞረዋል። ነዳጅ አይገባም። ዘይቱ ቤንዚን ውስጥ ከሆነ ዘይትም አይገባም ማለት ነው። ፒስቶኑ ደረቁን ይሮጣል። ፖምፓው ካለ ግን ኢንጅኑ እስከዞረ ድረስ የተወሰነ ዘይት ይደርሳል። ፖምፓ የተነቀለበት ሞተር የሚነዳ ሰው ቁልቁለት ላይ አልፎ አልፎ ነዳጅ ሰጥቶ መልቀቅ አለበት፤ ብዙ ሰው ይህን አያውቅም።

ፖምፓው እምነት የሚያጣው ብዙውን ጊዜ በቱቦው ውስጥ አየር ስለሚቀር ነው። ማስወጫ ቡሎን አለው። እሱን አላልቶ ዘይቱ ያለ አረፋ እስኪንጠባጠብ መጠበቅ ነው። ከዚያ ከፖምፓው ወደ ኢንጅኑ የሚሄደውን ቀጭን ቱቦ በሚያሳይ ፕላስቲክ ቀየርኩት። ኢንጅኑ ተነስቶ ፖምፓውን በእጅ ስከፍተው፣ አንዲት የአየር ጠብታ ቱቦው ውስጥ እየተገፋች፣ እየቆመች፣ እንደገና እየተገፋች ስትሄድ ይታያል። እስክትጠፋ ድረስ ተቀመጥኩና አየኋት። ለማንኛውም ብዬ የመጀመሪያውን ሰርባቶዮ ቤንዚን በየሊትሩ 20 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት ጨምሬበት ነው የነዳሁት። ጭሱ ጎረቤት አስነጠሰ። እስካሁን ግን ፖምፓው ቀጥ ብሎ እየሠራ ነው፤ ዘይቱ ሲጎድል መሙላት ብቻ ነው።

ሰርባቶዮውን በአቼቶ ነው ያጠብኩት። ሩቢኔቱን (የነዳጅ መክፈቻውን) አውልቆ ቀዳዳውን መድፈን፣ አቼቶ መሙላት፣ አሮጌ ካቴና ከቶ መነቅነቅ፣ ሁለት ሦስት ቀን መተው። ሲደፋ ቡና የመሰለ ዝቃጭ ይወጣል። ከዚያ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ ማለቅለቅና ወዲያው በፀሐይ ማድረቅ፤ ለአንድ ሌሊት እርጥብ ከተተወ ዝገቱ ተመልሶ ይመጣል። በመጨረሻ ዘይት የተቀላቀለበት ትንሽ ቤንዚን ውስጡን ማስቀባት። ከሩቢኔቱ በታች ማጣሪያ መጨመር አይርሱ።

ከዚህ በኋላ ያለው የራሴ ጭማሪ ነው። ትልቁ መብራቱ ነው። የኔው ባለ 6 ቮልት ስለሆነ ማታ ፋናሉ ከሻማ አይሻልም ነበር። ማግኔቱ ውስጥ ያለውን የመብራት ጥቅል የኤሌክትሪክ ሞተር ለሚጠመጥም ልጅ ወስጄ፣ በቀጭን ሽቦ ዙሩን አብዝቶ በ12 ቮልት ጠመጠመልኝ። ሬጉሌተርና ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ ጨምሬ ኤልኢዲ ገጠምኩ። ዝርክርኩን ገመድ ኤሌትራውቶ ዘንድ ሙሉ በሙሉ አስነቅዬ በአዲስ አሠራሁት። ያወጣሁት ገንዘብ በቀን አይታይም፤ ማታ ግን ጉድጓዱ ቀድሞ ይታየኛል። ሴላውን ታፒሴሪያ ቤት ሰጥቼ በጠንካራ ስፖንጅና በሸራ አስለበስኩት። ቆዳ መሳዩን ፕላስቲክ አልፈለግኩም፤ ፀሐይ ላይ ቆሞ የተቀመጡበት ያውቀዋል። የፊት መጫኛው ላይ የመሣሪያ ሣጥን አስበየድኩ።

ያልነካኋቸውም አሉ። ወጣቶቹ ማርሚታውን ቆርጠው ወይም የውስጡን ቱቦ አውጥተው ያስጮኹታል። የቱ ስትሮክ ማርሚታ ድምፅ ማፈኛ ብቻ አይደለም። ከውስጡ የሚመለሰው የግፊት ሞገድ ሊያመልጥ ያለውን ያልተቃጠለ ነዳጅ ወደ ሲሊንደሩ ይመልሳል። ሲቆረጥ ጩኸቱ ይጨምራል፣ ዳገት ላይ ጉልበቱ ይሞታል። እኔ የውስጡን ቱቦ አውጥቼ ጥላሸቱን ብቻ አራገፍኩ፤ በዚያው ጉልበቱ ተመለሰ።

የካቴና ሽፋኑ ነገር አንገብግቦኝ ነበር። ሜካኒኮች ካቴና ማጥበቅ እንዲቀላቸው አውልቀው ይጥሉታል። ሻሸመኔ ቁርጥራጭ ብረት ከሚገዛ ሰው ዘንድ ከሌላ ኤጂ የወለቀ አገኘሁ፤ ጎድጓዳውን ቀጥቅጬ አንቲረስት ቀብቼ ገጠምኩት። ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ሄጄ ስከፍተው ካቴናው ላይ ያደረግኩት ግሪስ እንዳለ ነበር።

አነዳዱን በተመለከተ፣ ጭቃ ላይ የሚወዳደረው የለም እላለሁ። ቀላል ነው፣ ቢወድቅም ለብቻ ይነሳል። ከሀዋሳ 1,700 ሜትር ተነስቶ ወደ ሀገረ ሰላም ብርድ ሲወጣ ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ይጨምራል፤ አየሩ ይሳሳል፣ ኢንጅኑ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ካርቡራቶሩም ነዳጅ ያበዛል፤ ካንዴላው ጥቁር ይለብሳል። እዚያ የሚኖር ሰው የካርቡራቶሩን መርፌ አንድ እርከን ዝቅ ቢያደርግ ይሻለዋል። እኔ ለመዋልና ለመመለስ ስለሆነ ተለዋጭ ካንዴላ ኪሴ ይዤ እሄዳለሁ።

ፍሬኑ ደካማ ጎኑ ነው። ሁለቱም በሸራ የሚሠሩ ናቸው። ውሃ ከተሻገሩ በኋላ ትንሽ እየያዙ ካላደረቋቸው ፍሬን የለም ማለት ይቻላል። ቱ ስትሮክ በማርሽ ብዙም ስለማይያዝ ቁልቁለት ላይ ሸክሙ ሁሉ በእነሱ ነው። አስፋልት ላይ ሻሸመኔ ደርሶ መመለስም አይመችም፤ አይሱዙው በጎን ሲያልፍ ንፋሱ ብቻ ከመንገድ ያስወጣል።

ወጪውን በብር ብነግራችሁ በወሩ ይቀየራል። የጨረታውን ዋጋ ያህል ሌላ ጨምሩበት። ከዚያ ውስጥ ኢንጅኑ የበላው ግማሹን እንኳ አይሆንም። የቀረው የፍሬን ሸራ፣ ካላማዳሪ፣ ገመድ፣ ቡሎን፣ ላስቲክ ነው። ቤንዚን ላይ አይጨክንም፤ በሊትር ከ30 ኪሎሜትር ትንሽ ከፍ ይላል፤ የቱ ስትሮክ ዘይቱ ግን ተጨማሪ ወጪ ነው፣ ማደያ ሁሉ ላይም አይገኝም።

ሰው ከኋላ መጫን የሚፈልግ አይግዛው፤ ሴላው የአንድ ሰው ነው። እሱ ቦክሰር የሚባለውን ሞተር ይግዛ፣ መለዋወጫውም በየሱቁ አለ። አዲስ አበባ የሚኖርም ከመግዛቱ በፊት ከተማዋ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በሞተር ላይ ያደረገችውን ገደብ አጣርቶ ይሁን። ገጠር የሚመላለስ፣ ዕቃ የሚጭን፣ ቁልፍ መያዝ የማይሰለቸው ሰው ግን ጨረታ ሲወጣ ይሂድ። የካቴናው ሽፋንና የዘይት ፖምፓው በቦታቸው ካሉ ዋጋውን ትንሽ ከፍ አድርጎ ቢጽፍ አይከፋም፤ ሁለቱን ፈልጎ ማግኘት ኢንጅን ከማደስ ይብሳል።