የእማዬን አሻንጉሊት ያሳከምኩበት ቤት

መጀመሪያ አድራሻውን ልንገራችሁ፣ ታፔላ የለውምና። ጎንደር ከተማ ውስጥ ከፒያሳ ወደ ቅዳሜ ገበያ ስትወርዱ፣ ልብስ ሰፊዎች ከተደረደሩበት አለፍ እንዳላችሁ አንድ የጣልያን ጊዜ አሮጌ ፎቅ አለ። ደረጃውን ውጡ፣ ሁለተኛው በር ነው። ከጠፋባችሁ «የአሻንጉሊት ሐኪሟ የት ናት?» ብላችሁ ሰፊዎቹን ጠይቁ፣ ሁሉም ያውቋታል። ቤቱ የባልና ሚስት ነው። እሷ የቆዩ አሻንጉሊቶችን ትጠግናለች። ባሏ አናጢ ነው፤ ለአሻንጉሊት የሚሆን የቤት ዕቃ በልክ ይሠራል። እኔ ሁለቱንም አሠርቻለሁ። ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት አጋማሽ ስመላለስባቸው ስለነበር ጥሩውንም መጥፎውንም አይቻለሁ።

የወሰድኩላቸው የእናቴን ባርቢ ነው። አያቴ ግቢ ውስጥ አንዲት የሰላም ጓድ (ፒስ ኮር የሚባለው የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች ድርጅት) አስተማሪ ተከራይታ ትኖር ነበር። የሰላም ጓዶች ኢትዮጵያ መምጣት የጀመሩት በፈረንጆች 1962 ነው፤ ጎንደርም ብዙ አስተምረዋል። ይቺኛዋ ወደ አገሯ ስትመለስ አሻንጉሊቷን ለእማዬ ሰጥታት ሄደች። እማዬ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር፣ አሁን ስልሳዎቹን አጋምሳለች። አሻንጉሊቷ ይሄን ሁሉ ዘመን በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ኖራለች። እኛ ልጆቿም በየተራ ተጫውተንባታል፣ እማዬ አጠገባችን ቁጭ ብላ፣ ዓይኗን ከእጃችን ሳትነቅል።

ያበላሸኋት እኔ ነኝ። ቤት ስንቀይር ከሳጥኑ አውጥቼ በፌስታል ቋጠርኳት። ሁለት ክረምት እዚያው ቆየች። ሳወጣት እግሯ ሙጫ የተቀባ ይመስል ይጣበቃል። የጆሮዋ ዙሪያ አረንጓዴ ሆኗል። ጉንጯ ላይ ደግሞ ታናሽ እህቴ ልጅ ሆና ያሰመረችው የእስክሪብቶ መስመር አለ። መስመሩን ላጥፋላት ብዬ በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ፣ በአሴቶን አሸሁት። መስመሩ አልለቀቀም። የከንፈሯ ቀይ ግን ግማሹ ከጥጡ ጋር መጣ። እማዬ ምንም አላለችኝም። ዝም ብላ ተቀብላኝ ነጠላው ውስጥ መለሰቻት። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ሐኪሟ ጋ የሄድነው አብረን ነው። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አነጠፈች፣ እጇን ታጠበች፣ ከዚያ ነው የያዘቻት። ገለበጠቻትና ዳሌዋ ላይ ያለውን ጽሑፍ በማጉያ መነጽር አነበበች። 1962 እና 1958 ይላል። እማዬ «በ1958 ነው እንዴ የተሠራችው?» አለች።

«አይ እናቴ፣ እሱ የተሠራችበት ዓመት አይደለም» አለቻት። ባርቢ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበችው በፈረንጆች መጋቢት 1959፣ ኒው ዮርክ ላይ በተደረገ የአሻንጉሊት ትርዒት ነው። ቁጥሮቹ መብታቸው የተመዘገበበትን ዓመት ነው የሚናገሩት። 1958 የባርቢ ነው፣ 1962 የጓደኛዋ የሚጅ ነው። ሁለቱም በአንድ ዓይነት ሰውነት ስለሚሠሩ የሁለቱም ስም አብሮ ተጽፏል። ስለዚህ የኛዋ ከ1962 በኋላ ናት። ይሄን ያዙልኝ፣ ሁለተኛ እጅ አሻንጉሊት የምትገዙ ሰዎች። ብዙ ባርቢዎች ላይ 1966 የሚል ቁጥር አለ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የተሠሩት ላይ ሁሉ አለ። ሻጩ ግን ቁጥሩን እያሳየ የ1966 ናት ብሎ ዋጋ ይቆልላል። ሐኪሟ ዕድሜ የምትለየው በሌላ ነው። የኛዋ አሻንጉሊት ፀጉሯ አጭርና ዙሪያውን ጉብ ያለ ነው፤ ይሄ የፀጉር ዓይነት የወጣው በ1961 ነው። ዓይኗ ወደ ጎን ያያል። እስከ 1971 ድረስ ባርቢ ሁሉ ወደ ጎን ነበር የምታየው፣ ፊት ለፊት ማየት የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው። እማዬ ይሄን ስትሰማ ሳቀች። ልጅ ሆና አሻንጉሊቷ የኮረፈቻት ይመስላት ነበር።

ከዚያ ሐኪሟ ደብተር አወጣችና ከራስ ፀጉሯ ጀምራ እስከ እግሯ እየነካች ትጠይቅ ጀመር። ይሄ ይጥፋ? ይሄ ይቆይ? ቀኝ እጇ ጋ ስትደርስ ሁለት ጣቶች የሉም። «ይሄን እንኳ ቀጥዬ ልሠራው እችላለሁ፣ አይታወቅም» አለች።

«እሱን ተይው ልጄ» አለች እማዬ። «ወንድሜ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጥርስ ሲያወጣ ነክሶት ነው።»

ሐኪሟ ደብተሯ ላይ «ጣት፦ አይነካም» ብላ ጻፈች። ሌላ ነገር አልተናገረችም። እኔ እዚያው ላይ ልቤ አረፈ።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። መጣበቁ የሚመጣው ከራሱ ከፕላስቲኩ ነው። ለስላሳ እንዲሆን ሲሠራ የሚጨመርበት ፈሳሽ አለ፣ ሲያረጅ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ፌስታል ውስጥ ሲዘጋ ደግሞ ይብሳል። በለብታ ውኃና ለስላሳ ሳሙና ጠርጋ አጠበቻት፣ ጭንቅላቷ ውስጥ ውኃ እንዳይገባ ተጠንቅቃ። ሦስት ጊዜ ደጋግማለች። «ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አይድንም፣ ከዓመት በኋላ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል» ብላ ቀድማ ነገረችን። ይሄን ስለነገረችን አከበርኳት። ከአሁን በኋላ በጥጥ ጨርቅ እንጂ በፌስታል አትጠቅልሉ፣ ፀሐይ ላይም አታስቀምጡ ብላናለች።

የጆሮው አረንጓዴ ከጉትቻዋ ነው። የድሮ ባርቢዎች ጉትቻ ዘንጉ መዳብ አለበት፣ ዝገቱ ፕላስቲኩ ውስጥ ሰርጎ ይገባል። ላዩን ብትፈትጉት አይወጣም። እሷ የተጠቀመችው ከፋርማሲ የሚገዛ የብጉር ቅባት ነው፣ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ያለበት። እድፉ ላይ ብቻ በጥርስ መፋቂያ እንጨት ጫፍ ትቀባለች፣ በስስ ፕላስቲክ ትሸፍነዋለች፣ መስኮት አጠገብ ታስቀምጠዋለች። በየቀኑ ታያለች፣ ምክንያቱም ከበዛ እድፉን ብቻ ሳይሆን ቆዳዋንም ያነጣዋል። እስክሪብቶውንም በዚሁ ነው ያስለቀቀችው። ሁለት ሳምንት ተኩል ፈጀ። እኔ በአሴቶን በአንድ ደቂቃ ልጨርሰው ያልኩትን ማለት ነው። አደራችሁን አሴቶን አታስጠጉ። ቀለሙን ይወስዳል፣ ደረቅ ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ ያቀልጠዋል።

ከንፈሯን በቀጭን ብሩሽ ሞላችው። የቀረውን የመጀመሪያ ቀለም አልነካችም፣ የጎደለውን ብቻ ነው የሞላችው። መብራት ሥር አዘንብላችሁ ካያችሁ መገናኛው ይታያል። አንዳንድ ሰው ይሄን እንደ ጉድለት ሊያየው ይችላል፣ እኔ ግን ወድጄዋለሁ። መደርደሪያቸው ላይ ፊታቸው ሙሉ በሙሉ ተፍቆ እንደ አዲስ የተሳሉ አሻንጉሊቶችም አሉ። ደንበኛ ከጠየቀ ይሠራሉ። ለርካሽ አዲስ አሻንጉሊት ምንም አይደል፤ የቆየች ካለቻችሁ ግን እሺ አትበሉ። አንዴ ከተፋቀ አይመለስም፣ ሰብሳቢዎችም ዋጋዋን ይጥሉባችኋል። ፀጉሯን በቀጭን ስትሮ ጠቅልላ ሙቅ ውኃ አፈሰሰችበት፣ ሁለት ቀን ሲደርቅ ጉብታው ተመለሰ። ከኋላ የሳሳውን ከሌላ የተሰበረች አሻንጉሊት ወስዳ በመርፌ አንድ በአንድ ተክላለታለች።

የባልየው ሥራ ደግሞ ሌላ ወሬ ነው። ሮዝ የፕላስቲክ ሶፋ አልፈለግኩም። የአያቴን ቤት ነው የፈለግኩት። የጠፍር አልጋ፣ መሶብ፣ ሁለት በርጩማ፣ ረከቦት ከነጀበናና ሲኒው። አንድ ያረጀ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነበረን፣ እሱን ሰጠሁት። ባርቢ ቁመቷ 29 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ስለዚህ ልኩ አንድ ለስድስት ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው የአሻንጉሊት ቤት ልክ ግን አንድ ለአሥራ ሁለት ነው። እንግሊዝ አገር ዊንድሰር ቤተ መንግሥት ያለው፣ ከ1921 እስከ 1924 ለንግሥት ሜሪ የተሠራው ዝነኛ የአሻንጉሊት ቤት በዚያ ልክ ነው። ባልየው በእጁ የሠራት የእንጨት ማስመሪያ አለችው። ስልሳ ሴንቲ የሚለው አሥር ሴንቲ ላይ ተጽፏል። መሶቡ ስልሳ ከሆነ አሥር፣ በርጩማው ሠላሳ ከሆነ አምስት፣ ሲኒው ስድስት ከሆነ አንድ። ሒሳብ ሳይሠራ ከማስመሪያዋ ያነባል።

አንድ ነገር አስተምሮኛል። ዕቃው ሲያንስ የእንጨቱ መስመር አብሮ አያንስም። ዋንዛ ለትልቅ አልጋ ግሩም ነው፣ ለአንድ ስድስተኛ አልጋ ግን መስመሩ ይገንናል፣ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። ስለዚህ እግሮቹን የሠራው በወይራ ነው። ወይራ ጠጣር ነው፣ መስመሩም ደቃቅ ነው።

ጠፍሩን ሲወጥር ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። የፍየል ቆዳ ነው፣ በምላጭ ሦስት ሚሊ ሜትር አድርጎ የቆረጠው። ውኃ ውስጥ አሳድሮታል። እርጥቡን ነው የሚጎነጉነው፣ በወረንጦ እየሳበ፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች። ሲደርቅ ራሱ ይከራል። መጀመሪያ የሠራው አልጋ በማግስቱ ቆዳው ሲሸመቅቅ ቋሚውን ጎትቶ አጣመመው። ምንም ሳይል ፈታውና ከሥር አግዳሚ ጨምሮ እንደገና ሠራው። አሁን በጥፍር ብትመቱት ድም ይላል፣ እንደ ትንሽ ከበሮ። ፍራሹን ሚስትየው ሰፋች፣ ጥጥ ውስጥ የታጠበ ደቃቅ አሸዋ ጨምራበት። አሻንጉሊት ክብደት ስለሌላት ጥጥ ብቻ ከሆነ ላዩ ላይ ተንሳፋ ነው የምትቀረው፤ አሸዋው ፍራሹን ያወርደዋል። ይሄን ያህል የሚያውቁ ሰዎች ሶፋቸውን ለምን እንደዚያ እንደሚሠሩት አልገባኝም። መስኮቱ ላይ ያሉት ሶፋዎች ስፖንጃቸው ወፍራም ነው፣ አሻንጉሊቷ ጫፉ ላይ ቆማ ነው የምትመስለው። ዘመናዊ ሳሎን ለምትፈልጉ እዚህ አልመክርም።

መሶቡን የምትሰፋው የሚስትየው እናት ናት። ስንደዶና አክርማው ያው የምናውቀው ነው፣ ግን አክርማውን በጥፍሯ አራት ቦታ ትሰነጥቀዋለች። ወስፌ ለዚህ ልክ ወፍራም ስለሆነ የስፌት መርፌ ነው የምትጠቀመው። መጀመሪያ የሰጡኝ ክዳኑ አልገጥም አለ። መለስኩት፣ ሳይከራከሩ እንደ አዲስ ሠሩልኝ፣ ግን አሥር ቀን ጨመረ። ጀበናው አራት ሴንቲ ነው፣ ሸክላው ከወለቃ ነው። ወለቃ የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች መንደር ነበረች፤ እነሱ እስራኤል ከሄዱ በኋላም ሸክላው አልቆመም። አፈሩ እንደዚህ ቀጭን የጀበና አንገት ይሠራል ብዬ ግን አላስብም ነበር። ከስድስቱ ሲኒ አንዱ ተሰንጥቆ ነው የመጣልኝ፣ እስካሁን አልተቀየረልኝም።

ዋጋው ርካሽ አይደለም። አሻንጉሊቷን ለማደስ 3,200 ብር፣ አልጋው 1,800፣ መሶቡ 1,200፣ በርጩማዎቹ እያንዳንዳቸው 350፣ ረከቦቱ ከነሙሉ ዕቃው 1,500። በድምሩ 8,400 ብር ነው የከፈልኩት። ግማሹን ቀብድ ይቀበላሉ፣ ቴሌብር ይሠራል። ደረሰኝ አልሰጡኝም፣ እኔም ጠይቄ ነው ደብተር ላይ የተጻፈውን ፎቶ ያነሳሁት። እናንተም አንሱ።

የከፋኝ የቀጠሮው ነገር ነው። ሁለት ሳምንት ብለውኝ ስድስት ሳምንት አለፈ። መብራት እየጠፋ መሥራት አቅቷቸው እንደነበር ኋላ ነገሩኝ፣ እሱን እረዳለሁ። ግን ስልክ አያነሱም። አንድ ቀን «አልደረሰም» የሚል ቃል ብቻ ቢልኩ ከአዘዞ ድረስ በሚኒባስ ሦስት ጊዜ በከንቱ አልመጣም ነበር። ደረጃውም ቀጥ ያለ ነው፣ መደገፊያ የለውም። ጉልበቷን የሚያማትን እናቴን ደግፌ ስናወጣት ሁለት ቦታ አርፈናል። ሽማግሌ ይዛችሁ ከመጣችሁ ከታች ሰፊዎቹ ጋ አስቀምጣችሁ ሐኪሟን ጥሩ፣ ትወርዳለች። ቅዳሜ ገበያው ስለሚጨናነቅ በሥራ ቀን ሂዱ።

የተረከብን ቀን እማዬ መጀመሪያ ያየችው ከንፈሩን አይደለም። ቀኝ እጇን አንስታ ጣቶቹን አየች። ከዚያ ነው ፊቷን ያየችው። ቤት እንደደረስን አልጋውን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጠች፣ ነጠላውን ቁራጭ አጥባ ጋቢ አድርጋ አለበሰቻት፣ መሶቡን ከፊቷ አቀረበች። በማግስቱ ጎረቤቶች ቡና ሊጠጡ መጥተው አንዷ «ታዲያ እንጀራውን ማን ይጋግርላታል?» አለች። እማዬ ከወለቃው ሸክላ ምጣድና አክንባሎ ይጨመርልኝ ብላለች። ሰኞ ሄጄ ቀብድ እከፍላለሁ፣ የተሰነጠቀውንም ሲኒ ይዤ እሄዳለሁ።