የድራም ብረት በምን ይጓዝ? ባለ ጎማ ቦርሳ፣ የኮምፔንሳቶ ሣጥን ወይስ የመርካቶ ሸራ

የጥምቀት ማግስት የሠርጉ ወቅት ሲገባ ስልኬ የሚጮኸው በአንድ ጥያቄ ነው፦ «ለድራሙ ብረቶች ምን ልግዛ?» ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ወጣት ድራመሮች ናቸው። ለስኔራቸው (ለጠፍጣፋው ትንሽ ከበሮ) እና ለሲምባሎቻቸው (ለናስ ሳህኖቹ) ደህና ቦርሳ አላቸው፤ እነዚህን የሚሸከሙትን ብረቶች፣ ስታንዶቹን፣ ግን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልለው ይዞራሉ። በየዓመቱ ያንኑ ከምደጋግም ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው።

የማዳላበትን ከወዲሁ ልናገር። እኔ የሸራው ወገን ነኝ፤ ያውም አንድ ትልቅ ሳይሆን እዚሁ መርካቶ የተሰፉ ሁለት አነስተኛ ቦርሳዎች። ይህን የምለው ለመሀል አዲስ አበባ ሥራ ነው፤ ዛሬ ፒያሳ፣ ነገ ካዛንቺስ፣ ከነገ ወዲያ ሜክሲኮ አካባቢ ለሚጫወት፣ የራሱ መኪና ለሌለውና በስልክ ቪትዝ ጠርቶ ለሚሄድ ሰው።

ነገሩ ያለው ክብደቱ ላይ ነው። ድርብ እግር ያለው የሲምባል ስታንድ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል። ሦስት እንደዚያ ያሉ ስታንዶች፣ የሃይሃቱ (በእግር እየተረገጡ የሚጋጠሙት ጥንድ ሲምባሎች) ስታንድ፣ የስኔሩ፣ ወንበሩና የትልቁ ከበሮ መምቻ ፔዳል ሲደመሩ 25 ኪሎ ቢሆኑ አይገርምም። ይህን ሁሉ በአንድ ቦርሳ ከከተታችሁት ሁለት ሰው የሚያነሣው ጭነት ነው፤ ሠርግ ቤት ደግሞ ሁለተኛው ሰው ሁልጊዜ ኪቦርዱን ይዞ ቀድሞ ገብቷል።

ከውጭ የሚመጣው ባለ ጎማ ኦሪጅናል ቦርሳ መጥፎ ዕቃ አይደለም። ጨርቁ ወፍራም፣ ስፌቱ ድርብ፣ ውስጡ ስፖንጅ ነው። እንደ ፕሮቴክሽን ራኬት ያሉት ሠሪዎች በተለያየ ርዝመት፣ ከጎማ ጋርና ያለ ጎማ ያቀርባሉ። ችግሩ ዋጋው ነው። ደህናው ከ150 እስከ 250 ዶላር ያወጣል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት፣ ባንክ ዶላርን በ57 ብር ገደማ ሲመነዝር፣ የ200 ዶላሩ 11,400 ብር ነበር። አሁን ዶላሩን በ150 ብር እንኳን ብናሰላው 30,000 ብር ነው፤ ማምጫው ገና አልተነሣም። ዘመድ ያመጣልኛል ካላችሁ ደግሞ ዘመዱን ማሰብ ነው። የአውሮፕላን አንድ ሻንጣ የሚፈቀድለት አብዛኛውን ጊዜ 23 ኪሎ ነው። ባለ ጎማው ታጥፎ ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ የታችኛው ወለሉ ደረቅ ነውና ራሱን ችሎ አንድ ሻንጣ ሆኖ ይቆጠራል። ጎማ የሌለው ግን እንደ ጋቢ ተጣጥፎ ከልብስ ሥር ይተኛል። ስለዚህ ሰው ከማስቸገራችሁ በፊት ጎማ የሌለውን ጠይቁ።

ጎማው እዚህ ከተማ ምን ያህል ይጠቅማል? ኮሪደር ልማቱ የደረሰባቸው የዋና ዋና መንገዶች የእግረኛ ንጣፍ ላይ እሰየው፣ ይንሸራተታል። ነገር ግን መኪናው የሚያወርዳችሁ ብዙ ጊዜ ከጀርባ በር፣ በውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን በኩል ነው። ትንሿ የፕላስቲክ ጎማ በየድንጋዩ መጋጠሚያ ስትወድቅ ጭነቱ በሙሉ ይንቀጠቀጣል። በጣት የሚጠበቁት ብሎኖችና ዳዶዎች ላልተው ይወልቃሉ፤ ሲምባሉን ከላይ የሚይዘው ዳዶና ሥሩ ያለው ትንሽ ሮንዴላ ቦርሳው ጥግ ካልተገኙ መንገድ ላይ ቀርተዋል ማለት ነው። ከዚያ ቀጥሎ ደረጃው ይመጣል። አዳራሹ አራተኛ ፎቅ፣ አሳንሰሩ ለሙሽሮች ብቻ ከሆነ ጎማው ተጨማሪ ክብደት ነው።

ጎማ ሲሰበር መጠገኑ የሚወሰነው በአያያዙ ነው። በብሎን የታሰረ ከሆነ ሻንጣ ጠጋኞች ከሌላ አሮጌ ሻንጣ ፈትተው ይገጥሙላችኋል፤ ጥንዱን ከነሥራው በ600 ብር ያስጨረሱ አሉ። በሪቬት የተመታ ከሆነ በድሪል ተበስቶ ነው የሚወጣው። ጎማው የተሰካበት የፕላስቲክ ቤት ራሱ ከተሰነጠቀ ግን ተዉት፣ ማጣበቂያ አይዘውም።

ገበያ ላይ በብዛት የምታዩት ግን ኦሪጅናሉን አይደለም። የታዋቂ ድራም ሠሪ ስም የተጠለፈበት ቅጂ ነው፤ ከ7,500 እስከ 9,000 ብር ይጠራበታል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በ8,500 ብር ገዛው። በመጀመሪያው ሠርግ፣ ካዛንቺስ፣ ደረጃው እኩሌታ ላይ ዚፑ ከጥጉ ተተረተረና የሃይሃቱ ቀጭን ዘንግ ሾልኮ ወረደ። ወለሉ ለምን እንደሚረግብ ለማየት የውስጥ ጨርቁን ገለጥ ስናደርገው ያገኘነው ካርቶን ነው፤ የፈጣን ኑድል ካርቶን፣ የጎድጓዳ ሳህኑ ሥዕል ሳይቀር ያለበት። ዚፕ ማስቀየሪያ 700፣ ወለሉን በኮምፔንሳቶ ማስተካከያ 400፣ በኋላ ጎማ 600 ብር አወጣ። በድምሩ 10,200 ብር። በዚህ ገንዘብ እኔ የምለውን ዓይነት ቦርሳ ሁለት ጊዜ አሰፍቶ ለእራት ይተርፈው ነበር።

ቅጂውን የግድ ልግዛ የሚል ካለ ሦስት ነገር ይይ። ዚፑን ማዕዘኑ ላይ አሥር ጊዜ ያመላልሰው፤ ቀጥታው ላይ ሁሉም ይሄዳል፣ የሚነክሰው መታጠፊያው ላይ ነው። ወለሉን በጉልበቱ ይጫነው። መያዣው ቦርሳው ጎን ላይ ብቻ ከተሰፋ፣ ሻጩ ምንም ቢምል፣ ይመልሰው።

የኮምፔንሳቶ ሣጥን ለሌላ ሕይወት የተሠራ ነው። ጠርዙን በብረት ማዕዘን አስይዘው፣ ማጠፊያና ቁልፍ ከምን አለሽ ተራ ገዝተው የሚያሠሩት አሉ፤ ከ11,000 እስከ 14,000 ብር ይጠየቃል። ስፒከር ቢደረብበት ግድ የለውም። ለክፍለ ሀገር ኮንሰርት ዕቃውን በአይሱዙ ለሚጭን ባንድ ከዚህ የተሻለ አልመክርም። ለብቻው ለሚሄድ ድራመር ግን ባዶው ሣጥን ራሱ ከ15 ኪሎ በላይ ነው፤ የቪትዝ ሹፌርም ገና ከሩቅ ሲያየው ጉዞውን ይሰርዛል። ከውጭ የሚመጣው ጠንካራ የፕላስቲክ ሣጥን ቀለል ይላል፤ ዋጋው ግን ከባለ ጎማው ቦርሳ አያንስም።

አሁን ወደ ሸራው። የመኪና ወንበር ልብስ ወይም የጭነት መኪና ሸራ የሚሰፋ ባለሙያ ፈልጉ፤ የልብስ ሰፊ መኪና ይህን አይበሳውም። የቅርቡ ሒሳብ ለሁለት ቦርሳ እንዲህ ነው፦ 4 ሜትር ሸራ በ450 ብር፣ 1,800፤ ሁለት ባለ 10 ቁጥር ዚፕ 500፤ ለመያዣ ሁለት አሮጌ የመኪና ቀበቶ 600፤ ስፖንጅና የምንጣፍ ቁራጭ 500፤ የእጅ ዋጋ 1,200። ጠቅላላው 4,600 ብር። መጀመሪያ 2,000 ብር የእጅ ዋጋ ይጠሯችኋል፤ ልብሰ ሙሉ አለመሆኑን በትሕትና አስታውሱ።

ርዝመቱን የምታወጡት ሲታጠፍ ረጅም ከሆነው ስታንዳችሁ ነው። የስታንዱን የላይኛውን ዘንግ ነቅላችሁ ለብቻው ካስቀመጣችሁ 80 ሴንቲ ሜትር ለአብዛኛው ይበቃል፤ ያ ርዝመት ደግሞ የኋላ ወንበር ሳይታጠፍ ቪትዝ ውስጥ በአግድም ይተኛል። ከሜትር ሲያልፍ ነው ከሹፌር ጋር ክርክር የሚጀመረው።

ሰፊው ሳይነገረው የማያደርጋቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ቀበቶው ከቦርሳው ሥር ዞሮ በሌላው ጎን መውጣት አለበት፤ ክብደቱን ቀበቶው ይሸከም እንጂ ስፌቱ አይሸከም። ሁለተኛው ጫፎቹ ናቸው። ቦርሳ የሚቀደደው ሆዱ ላይ አይደለም፤ የስታንዱ እግርና አናት የሚወጉት ሁለቱን ጫፎች ነው። እዚያ ላይ ከውስጥ የመኪና ካላማደሪያ ቆርጦ ይስፋበት። ጎሚስታ ቤት የማይጠገን ካላማደሪያ በነጻም ይሰጣችኋል። የኔ ቦርሳ ጫፍ ላይ ዛሬም የአይሱዙ ካላማደሪያ ቁራጭ አለ፤ መልኩ አያምርም፣ ግን አልተበሳም።

አጫጫኑ፦ በአንደኛው የሲምባል ስታንዶቹ፣ በሌላው የሃይሃቱና የስኔሩ ስታንድ፣ የወንበሩ እግርና ፔዳሉ። ለየእጁ 12 ወይም 13 ኪሎ ይደርሳል፤ ወገብ ሳይጣመም ደረጃ ይወጣል። ፔዳሉን ግን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሉት፤ ሰንሰለቱና ስፕሪንጉ ከስታንድ እግር ጋር ከተጠላለፉ መድረክ ላይ ነው የምታውቁት።

ሸራው እንከን የለውም አልልም። ውኃ የማያስገባ ሸራ ውኃ አያስወጣምም። ሐምሌና ነሐሴ ከዝናብ የገባ ብረት ዚፑ እንደተዘጋ ሁለት ቀን ከዋለ ክሮሙ በተለይ መገጣጠሚያው ላይ ዝገት ያወጣል፤ ርካሹ ስታንድ ደግሞ ይቸኩላል። ማታ ቤት ስትደርሱ ቦርሳውን ከፍታችሁ ተኙ።

ክለብ ውስጥ የቤቱ ድራም ባለበት የምትጫወቱ ከሆነ ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልጋችሁም። ፔዳላችሁን፣ የሃይሃት ክላች (የላይኛውን ሲምባል ዘንጉ ላይ የሚይዘውን) እና ጥቂት የሲምባል ሱፍ በአንድ የትከሻ ቦርሳ ያዙ። ከቤት ድራም ላይ ሁልጊዜ የሚጠፋው ያ ክላች ነው።

30,000 ብር በእጁ ኖሮ ለባለ ጎማው ለሚጓጓ ደግሞ ሌላ ሐሳብ አለኝ፤ ቦርሳውን ሳይሆን ብረቱን ይቀይር። የያማሃ ክሮስታውን የአሉሚኒየም ስታንዶች፣ ሁለት የሲምባል፣ የሃይሃትና የስኔር፣ ከነቦርሳቸው 8 ኪሎ ገደማ ናቸው። ዋጋቸው ከ300 ዶላር በላይ ነውና በዚያው ሒሳብ ከ15,000 ብር በላይ መጨመር ይኖርበታል። ቀጥ ያሉ ስታንዶች ናቸው፤ ሲምባሉን በረጅም ክንድ አርቆ የሚሰቅል ሰው አይወዳቸውም። ለሌላው ግን አንድ እጁ ነጻ ይሆንለታል፤ በሱ ስኔሩን ይይዝበታል።