ለተንቀሳቃሽ ሶላር የትኛው ባትሪ? አሲድ ወይስ ሊቲየም

ሶላር ፓነል መምረጥ ብዙም አያስቸግርም። ጣጣው ያለው ባትሪው ላይ ነው። ክብደቱም ወጪውም እዚያ ነው።

ሁለት ባትሪ ጎን ለጎን እናስቀምጥ። ሁለቱም ላይ «12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት» ተጽፏል። አንዱ የአሲድ ነው፣ ሌላው ሊቲየም አይረን ፎስፌት። ጽሑፋቸው አንድ ቢሆንም የሚሰጡት ይለያያል። የአሲዱን በየጊዜው ከግማሽ በታች ካወረዳችሁት ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ ከ1,200 ዋት ሰዓቱ (12 ቮልት × 100 አምፔር ሰዓት) የምትጠቀሙበት 600 ገደማ ነው። ሊቲየሙ ግን ከያዘው 80 ወይም 90 በመቶውን ብትጠቀሙም ግድ የለውም፤ ከ1,000 ዋት ሰዓት በላይ ይሰጣል። 50 ዋት የሚበላ ዕቃ ብትሰኩ በአሲዱ 12 ሰዓት፣ በሊቲየሙ 20 ሰዓት ያህል ይሠራል። ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይር ዕቃ) ካለ ከሁለቱም ላይ ትንሽ ይቀንሳል።

ክብደቱስ? አሲዱ ወደ 30 ኪሎ፣ ሊቲየሙ ከ10 እስከ 13 ኪሎ። 30 ኪሎውን «ተንቀሳቃሽ» ካላችሁት ተሸካሚም አብራችሁ አስቡ። ዕድሜ ላይም አሲዱ ጥቂት መቶ ጊዜ ሲሞላና ሲወርድ ይደክማል፤ ጥሩ ሊቲየም 2,000 ጊዜና ከዚያ በላይ ይሄዳል። መግዣው ረከሰ ብላችሁ አሲዱን ስታነሱ ይህንንም አስሉት።

ሊቲየምም ጉድለት አለው። ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ ከተደረገ ይበላሻል፤ ውስጡ ያለው ቢኤምኤስ (ባትሪውን የሚጠብቀው መቆጣጠሪያ) በብርድ ቻርጁን የሚያቋርጥ መሆኑን ጠይቁ። ቮልቱም ያታልላል። ብዙ ተጠቅማችሁበት እንኳ 13 ቮልት አካባቢ ይቆማል። ምን ያህል እንደቀረ ለማወቅ የሚገባውንና የሚወጣውን አምፔር የሚቆጥር መለኪያ ያስፈልጋል።

ከቦታው ለማይነሳ፣ ሁልጊዜ ሞልቶ ለሚጠብቅ መጠባበቂያ አሲዱ ይበቃል። ባዶውን ካከረማችሁት ግን አለቀለት። ባትሪውን ተሸክሞ ለሚዞር ሰው እኔ ያለማመንታት ሊቲየሙን እላለሁ።

ከፓነሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠረውን ቻርጅ ኮንትሮለር በአጭሩ፦ ዓይነቱ ሁለት ነው፣ ፒደብሊውኤም (PWM) እና ኤምፒፒቲ (MPPT)። 100 ዋት ፓነል በ18 ቮልት 5.5 አምፔር ያህል ይሰጣል። ፒደብሊውኤም ያንኑ 5.5 አምፔር በባትሪው 13 ቮልት ስለሚያስገባው 70 ዋት ገደማ ብቻ ይደርሳችኋል። ኤምፒፒቲ ትርፉን ቮልት ወደ አምፔር ይቀይረዋል። ለአንድ ትንሽ ፓነል ፒደብሊውኤም አይከፋም፤ ከ200 ዋት ጀምሮ ግን ኤምፒፒቲ ያዋጣል። የትኛውም ይሁን፣ የሊቲየም ማስተካከያ እንዳለው ሳታዩ አትግዙ።

ፊውዝ ላይ ምርጫ የለም። ለሁለቱም ባትሪ ከፖዘቲቩ አጠገብ ይገባል፣ መጠኑም ገመዱ ከሚችለው አምፔር አይበልጥም።