ሣር የሚያጭድ ሮቦት በደብረ ብርሃን ግቢ፦ ሣሩን ይችላል፣ ዋልካውን ግን እናንተ ቻሉለት

ደብረ ብርሃን ላይ ይህን ማሽን የሚፈትነው ሣሩ ሳይሆን አፈሩ ነው። በወሰን ሽቦ፣ ማለትም ግቢውን ዞሮ መሬት ላይ በችካል ተመትቶ ወይም ተቀብሮ ወሰኑን በሲግናል በሚነግረው ሽቦ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚዞረው ትንሹ ዓይነት ሰርዶን አሳምሮ ያጭዳል። በየቀኑ ስለሚወጣ ጫፍ ጫፉን ብቻ ይላጫል፤ ብጣሹም ደቃቅ በመሆኑ ሥር ገብቶ ይበሰብሳል እንጂ መጥረግ አይጠይቅም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሣሩ ግጥም ይላል።

መጀመሪያ ግን ማጭድ ይቅደም። ጉልበት የደረሰ ሣር ላይ ከለቀቃችሁት ይቆማል፤ ስለቱ የመላጫ ምላጭ የሚያህል ቀጭን ነገር ነውና። ሣሩን ከ5 ሳንቲ ሜትር በታች አውርዱት፣ ማሽኑን በከፍተኛው ቁመት አስጀምሩ፣ ከዚያ በየጥቂት ቀኑ ዝቅ አድርጉ።

የወሰን ሽቦው ላይ አትቸኩሉ። ከድንጋይ ካቡ 30 እስከ 35 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ ማሽኑ የሚመለሰው ሽቦውን ትንሽ ካለፈ በኋላ ስለሆነ ቀረብ ካለ ካቡን ይገጫል። ችካሉ ቢበዛ በየ75 ሳንቲ ሜትሩ ይመታ። ዋልካ በበጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ተወጥሮ የተቀበረ ሽቦ አብሮ ይሳባል፣ ይበጠሳልም። ስለዚህ ላላ አድርጉት። ሲበጠስ በፕላስተር ጠቅልሎ መተው ትርፉ ድካም ነው፦ እርጥበት ይገባል፣ መዳቡ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፣ ሲግናሉ ይደክማል። ውስጡ ቅባት ያለበትን መቀጠያ ተጠቀሙ።

ዋናው ጣጣ ክረምት ነው። ሐምሌ ላይ ዋናውን ማጥፊያ አጥፉና ጓንት አድርጋችሁ ማሽኑን ገልብጡት፦ የጎማው ጥርስ በጥቁር ጭቃ ተሞልቶ ልሙጥ ሆኗል፣ ከሆዱ ሥር ጭቃና ሣር ተላቁጦ ደርቋል። ስለቶቹ በብሎናቸው ላይ እንደ ልብ መወዛወዝ ሲገባቸው ተጣብቀዋል። የተጣበቀ ስለት ሣር ይቦጭቃል እንጂ አይቆርጥም፤ በማግስቱ የሣሩ ጫፍ ቡናማ የሚሆነው በዚህ ነው። በብሩሽና በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ በውሃ ጎማ አታጥቡት። ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚጥል ሰዓቱን ከጠዋቱ 4 እስከ 7 ሰዓት ሙሉበት፤ ጤዛው ይነሳለታል፣ ዝናቡም አይደርስበትም። ቻርጅ ማድረጊያው ፊት ጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፉ፤ ማሽኑ ሁልጊዜ በአንድ መስመር ስለሚመለስ እዚያ ቦይ ይቆፍራል። መሬቱ ውሃ ካቆረ ግን ጨርሶ አታውጡት።

መብራት ሲጠፋ ሽቦውም ሲግናል ስለማይኖረው ባትሪው ሙሉ ቢሆን እንኳ ባለበት ይቆማል። ይህ ብልሽት አይደለም። የሚያሰጋው መብራቱ ኃይሉ ከፍ ብሎ ሲመለስ ነው፤ በስታቢላይዘር አገናኙት። ሰማዩ ሲጠቁር፣ መብረቁ ሳይጀምር ሶኬቱንም የወሰን ሽቦውን ሁለት ጫፎችም ንቀሉ፤ ግቢውን የዞረ ሽቦ የመብረቅ ኃይል ሰብስቦ ቦርዱን ሊያቃጥለው ይችላል።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ውርጭ ሌሊት ቤት አስገቡት። ሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ከተደረገ ይጎዳል፤ ውርጭ የያዘው ሣርም ጎማ ሲሄድበት ይጠቁራል።

ስለቶቹን ሁሉንም በአንድ ጊዜ፣ ከነብሎናቸው ቀይሩ፤ አሮጌ ብሎን ላልቶ ስለቱን ሊያስፈነጥር ይችላል። መለዋወጫውንና መቀጠያውን ከማሽኑ ጋር አብራችሁ ግዙ። ልጆች ወይም ጫጩት ሣሩ ላይ ካሉ አይለቀቅ፤ ሲነሳ የሚያቆመው ሴንሰር ቢኖረውም ጋደም ያለች ጫጩትን አያይም።

ሜዳ ለሆነና ድንጋዩ ለተለቀመ ግቢ ያለማንገራገር እመክረዋለሁ። የመንዝ በግ ለሚያረባ ሰው ግን አይሆንም፤ ሣሩን አድቅቆ እዚያው ስለሚበትነው ለበጎቹ የሚተርፍ ነገር የለም።