«ወንድና ሴት ከነቤታቸው» የሚባለውን ጥቅል አትግዙ

ቢርድድ ድራገን የተባለውን የአውስትራሊያ እንሽላሊት ለማርባት ያሰባችሁ ሁሉ፣ ሁለት ጫጩቶችን ከመስታወት ሣጥንና ከመብራት ጋር አንድ ላይ አድርጎ «የሚራባ ጥንድ፣ ወጪውን በዓመት ይመልሳል» እያለ የሚሸጥ ሰው ከገጠማችሁ ገንዘባችሁን ከኪሳችሁ አታውጡ። እንዲህ ያለ ጥቅል ቀርቦልኝ እያንዳንዱን ዕቃ አገላብጬ አይቻለሁ።

ከጫጩቶቹ ልጀምር። ሻጩ አፉን ሞልቶ ወንድና ሴት ናቸው ይላል፤ በዚያ ዕድሜ ግን ጾታቸውን በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም። የአንደኛው የጅራት ጫፍ ተቆርጧል፣ ከፊት እግሩም ሁለት ጣት ጎድሏል። ምን ነክቶት ነው ብዬ ስጠይቅ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ሲፈለፈል ጀምሮ እንዲሁ ነው» አለኝ። ቁስሉ ገና አልደረቀም ነበር! በአንድ ሣጥን የታጎሩ ጫጩቶች በምግብ ሲሻሙ እርስ በርስ ይነካከሳሉ። ካደጉ በኋላም ለየብቻ መኖር ያለባቸው እንስሳት ናቸው። ሁለቱም ወንድ ሆነው ከተገኙ ይጣላሉ፤ ወንድና ሴት ከሆኑ ደግሞ ወንዱ ሴቷን መቆሚያ መቀመጫ ያሳጣታል።

ዋናው ማታለያ ግን መብራቱ ነው። በጥቅሉ ውስጥ ያለው ተራ የማሞቂያ አምፖል ነው። እንስሳው ቫይታሚን ዲ3 በቆዳው ለመሥራት አልትራቫዮሌት ቢ የተባለው የፀሐይ ጨረር ያስፈልገዋል። ያለዚያ ካልሲየም ቢበላም ሰውነቱ በሚገባ አይቀበለውም፤ መንጋጋው ይለሰልሳል፣ እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ አጥንቱ ይጣመማል። «መስኮት አጠገብ አስቀምጡት» የሚለው ምክርም ከንቱ ነው፤ መስታወት ይህን ጨረር ያግደዋል። ትክክለኛው መብራት ቢኖር እንኳ ያገለገለ ከሆነ አትመኑት፤ ጨረሩ አልቆ ብርሃኑ ብቻ የቀረ መብራት በዓይን አይለይም።

ሣጥኑ 60 ሴንቲሜትር ነው። ያደገው እንስሳ ራሱ ከ45 እስከ 60 ሴንቲሜትር ይደርሳል። ቢያንስ 120 በ60 በ60 የሆነ ቤት ይፈልጋል፤ አንደኛው ጫፍ 40 ዲግሪ ያህል ሞቆ ሌላው ወደ 25 ካልቀዘቀዘለት ከሙቀት መሸሻ የለውም።

ትርፍ የሚባለውስ? ሴቷን 18 ወር ሳይሞላት ማገናኘት ጭካኔ ነው። የእንቁላሉን ካልሲየም ከራሷ አጥንት ታወጣለች፣ እንቁላሉ ሆዷ ውስጥ ቀርቶ ልትሞትም ትችላለች። አንድ ጊዜ ከተገናኘች ዘሩን አቆይታ ደጋግማ ትጥላለች፤ በአንድ ጊዜ 20 እንቁላል የተለመደ ነው። ለዚያ ሁሉ ጫጩት ሣጥንና መብራት የሚገዛው፣ በቀን ደጋግሞ ነፍሳት የሚመግበው ማን ነው? ሻጩ እንደማይሆን የታወቀ ነው።

ሲልክባክ የተባለውን የዚሁ እንሽላሊት ቅርፊት አልባ ዓይነት «ብርቅዬ» እያሉ በውድ የሚያቀርቡም አሉ። ቆዳው በቀላሉ ይቆስላል፣ ሲቀይረውም ይቸገራል፤ ወደዚያ አትጠጉ።

ወላጆቻቸውን፣ የተፈለፈሉበትን ቀንና የኩስ ምርመራ ውጤት እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። እኔ ጠይቄ ያገኘሁት መልስ «ሌላ ገዢ እየጠበቀኝ ነው» የሚል ብቻ ነው። ያ ገዢ በእርግጥ ካለ ይህን ጽሑፍ አድርሱልኝ።